እሾህ የሌለው ብላክቤሪ ለወሎ ጓሮ፦ የትኛው ዝርያ ለየትኛው ከፍታ?

ወሎ ገጠር ያደገ ሰው እንጆሪ ሊለቅም ገብቶ ክንዱን ሳይቧጨር የወጣበትን ቀን አያስታውስም። በየገደሉ አፋፍ፣ በየወንዙ ዳር፣ በየአጥሩ ጥግ ይበቅላል። ፍሬው ይጣፍጣል፣ እሾሁ ግን ምሕረት አያውቅም። ብላክቤሪ የዚሁ የዱር እንጆሪ የቅርብ ዘመድ ነው። ፍሬው ጥቁር ነው፣ ገዘፍም ይላል። ከ1960ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ደግሞ እሾህ የሌላቸው ዝርያዎች አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ተዳቅለው ወጥተዋል። ልጅ እጁን ሰዶ ቢለቅም አይወጋውም።

ችግሩ ዝርያ መምረጡ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ዝርዝር ሁሉ ስለ ፍሬ ትልቅነትና ስለ ጣዕም ነው የሚያወራው። አሜሪካና አውሮፓ በዓመት ለወራት ምድሩ በብርድ ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ስለ ብርድ የሚጨነቅ የለም። ለወሎ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ይህ ተክል ለማፍራት ምን ያህል ብርድ ይፈልጋል? ብርዱን ካላገኘ ቅጠሉ ያምራል፣ ዘንጉ ይረዝማል፣ ፍሬ ግን የለም። ጣዕሙን የምናወዳድረው ከዚህ በኋላ ነው።

1. ከፍታችሁን እወቁ

ወሎ አንድ አየር የለውም። ቆቦና ባቲ 1,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። ሐይቅ 2,000 አካባቢ፣ ወልድያ 2,100 አካባቢ። ደሴ ከጦሳ ሥር 2,500 ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ ላሊበላም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ወረኢሉና ወገል ጤና ደግሞ ከፍ ብለው ደጋ ውስጥ ናቸው። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብትነዱ ነው፣ ለብላክቤሪ ግን ሁለት የተለያየ አገር ነው።

የስልካችሁ ካርታ ወይም ኮምፓስ ከፍታ ያሳያችኋል። ቁጥሩን ጻፉት። ቀጥሎ ጓሯችሁ ተዳፋት ላይ ነው ወይስ ረባዳ ላይ ብላችሁ ተመልከቱ። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ሌሊት ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ረባዳው ላይ ያለው ጎመን በውርጭ ሲመታ ከፍ ብሎ ያለው ሊተርፍ ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ የምታዩ ከሆነ እሱንም ጻፉት። በኋላ እንፈልገዋለን።

2. የዘንጉን ጠባይ ተረዱ

ይህን ሳይረዱ ዝርያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የብላክቤሪ ሥር ብዙ ዓመት ይኖራል። ከሥሩ የሚወጣው ዘንግ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል። ከዚያ ብርድ ሲመጣ ያርፋል። በሁለተኛው ዓመት ያብባል፣ ያፈራል፣ ይደርቃል። በዚህ መሀል ከሥር አዲስ ዘንግ እየወጣ ነው፣ ተራውን ይጠብቃል።

እረፍቱ ላይ ነው ጉዳዩ። አብዛኞቹ ዝርያዎች በሁለተኛው ዓመት ዓይናቸው (አበባ የሚወጣበት እምቡጥ) እንዲከፈት በእረፍታቸው ጊዜ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ብርድ ውስጥ መቶዎች ሰዓታት ማሳለፍ አለባቸው። አፕል ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የደጋ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ላይ ግን ፀሐዩ ይጠብሳል። ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ የቀን ሙቀት መልሶ ይሰርዘዋል። ስለዚህ «ደሴ ብርድ ናት» ብሎ መዝናናት አይቻልም።

በ2004 ግን አንድ ነገር ተለወጠ። አሜሪካ ያለው የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት ዘንግ ላይ የሚያፈሩ ዝርያዎችን አወጣ። ዘንጉ ከመሬት ይወጣል፣ ያድጋል፣ በዚያው ዓመት ጫፉ ላይ ያብባል። ብርድ አይጠብቅም። የመጀመሪያዎቹ እሾሃም ነበሩ። እሾህ የሌለው የመጀመሪያው፣ ፕራይም አርክ ፍሪደም፣ በ2013 ወጣ። ለእንደኛ ዓይነት አገር ትልቁ ዜና ይሄ ነው።

3. ዝርያዎቹን አወዳድሩ

ሁሉንም አልዘረዝርም። በስም ቶሎ የምታገኟቸውንና ለእኛ ትርጉም ያላቸውን ብቻ ላንሳ።

ከፕራይም አርክ ፍሪደም እንጀምር። ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፣ ፍሬው ትልቅ፣ ጣዕሙም ጥሩ ነው። ጉድለቱ ፍሬው ለስላሳ መሆኑ ነው። ለቅማችሁ በታክሲ ኮምቦልቻ ገበያ ላድርሰው ብትሉ ጭማቂ ሆኖ ይደርሳል። ለቤት ፍጆታ ግን ይህ ጉድለት አይቆጠርም። ወንድሙ ፕራይም አርክ ትራቭለር በ2014 ወጣ። ፍሬው አነስ ይላል፣ ጠንካራ ነው፣ ሳይበላሽ ይቆያል። ለካፌና ለሆቴል ማቅረብ የምታስቡ ትራቭለርን እዩ።

እነዚህ ሁለቱ አንድ ድክመት ይጋራሉ። በአበባ ጊዜ የቀኑ ሙቀት 29 ወይም 30 ዲግሪ ካለፈ ፍሬ መያዝ ይቸግራቸዋል። የያዙትም የተጣመመና ግማሹ ባዶ የሆነ ይሆናል። የአርካንሳስ ገበሬ በበጋው ሙቀት የሚያለቅሰው በዚህ ነው። ከወይና ደጋ ወደ ላይ ያለን ግን በመስከረምና በጥቅምት ይህ አያሰጋንም።

በሁለተኛው ዓመት ከሚያፈሩት ውስጥ ብርድ የማያበዛው ናቼዝ ነው። በ2007 ወጣ። 300 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል ይባላል። ፍሬው ረዘም ያለ ነው፣ አንዱ 8 ወይም 9 ግራም ይመዝናል። ያበዛል፣ አንዳንዴ ዘንጉ እስኪጎብጥ ድረስ። ጥቁር ሲሆን ወዲያው ከለቀማችሁት ግን ይኮመጥጣል፣ መረር የሚልም ጊዜ አለ። ትዕግሥት ይፈልጋል።

ዋሺታ በ2003 የወጣ ነው። ከ300 እስከ 500 ሰዓት ይፈልጋል። ፍሬው መካከለኛ፣ ጣፋጭና ጠንካራ ነው። ዘንጉ በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጠባብ ጓሮ ይመቻል። መለያው ላይ ስሙ በላቲን ሲጻፍ በ«ኦ» ይጀምራልና ሌላ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የ1993ቱ አራፓሆ 400 እስከ 500 ሰዓት ይፈልጋል። ቶሎ ይደርሳል፣ ፍሬው ውስጥ ያለችው ዘር ትንሽ ናት፣ ምርቱ ግን ከሁለቱ ያንሳል። እኔ አልገዛውም።

ናቫሆ በ1989 ሲወጣ ቀጥ ብሎ የሚቆም የመጀመሪያው እሾህ አልባ ነበር። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ጣፋጭነቱ ግን ዛሬም ይመሰገናል። የሚያሳዝነው ከ800 እስከ 900 ሰዓት ብርድ መጠየቁ ነው። ከወሎ ብዙ ቦታ ይህ አይገኝም። የ1999ኙ አፓቼም እንደዚያው ነው። አፓቼ ሌላም ጣጣ አለው። ጠንካራ ፀሐይ ሲመታው ከፍሬው ላይ አንዳንድ እንክብሎች ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ቢበላ አይጎዳም፣ ግን ሻጋታ የያዘው ይመስላል። የእኛ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ትሪፕል ክራውንና ቼስተር የቤት አትክልተኛ ሁሉ የሚያወድሳቸው ናቸው። ትሪፕል ክራውን በ1996፣ ቼስተር በ1985 ነው የወጡት። ትሪፕል ክራውን በጣዕሙ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ቼስተር በጣም ብርድ ይችላል፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ኮምጠጥ ይላል። ሁለቱም ግን ረጅም ቀዝቃዛ ወቅት ላለው አገር የተሠሩ ናቸው። ዘንጋቸውም ከፊል የሚቆም ነው፣ ያለ ሽቦ ድጋፍ መሬት ላይ ይተኛል። ሰው በነፃ ቢሰጣችሁ ደጋ ላይ ሞክሯቸው፣ ገንዘብ ግን አታውጡባቸው።

ሎክ ነስ የስኮትላንድ ነው። ኮሎምቢያ ስታር የሚሳብ ዓይነት ነው፣ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ቦታ ግን ይበላል። ሁለቱም ለለዘብተኛና እርጥብ አየር የተሠሩ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ተክል አልመክራቸውም።

አንዱን ግን በስሙ ተጠንቀቁት፦ ቶርንለስ ኤቨርግሪን። እሾህ አልባ የሆነው የላይኛው ቆዳው ብቻ ነው። ሥሩን ዶማ ወይም መኮትኮቻ ከነካው ከተቆረጠው ሥር የሚወጣው አዲስ ዘንግ እሾሃም ይሆናል። እኛ ደግሞ መኮትኮት ነፍሳችን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አጥር ሙሉ እሾህ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከአርካንሳስ የወጡት ግን እሾህ አልባነታቸው በዘራቸው ውስጥ ስለሆነ በዚህ አይከዷችሁም።

4. ምርጫውን በከፍታ ወስኑ

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይሄ ነው። ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ያላችሁ፣ ማለትም ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያና መሰሎቻቸው፣ ፕራይም አርክ ፍሪደም ትከሉ። ቦታ ካላችሁ አንድ ናቼዝ ጨምሩ። ደሴና ላሊበላ አካባቢ ያላችሁ ፍሪደምን ከዋሺታ ወይም ከናቼዝ ጋር አጣምሩ፣ አንዱ ቢያስቀይም ሌላው ይክሳል። አመዳይ የሚወርድበት ደጋ ላይ ያላችሁ ዋሺታን አስቀድሙ። ፍሪደም የሚያፈራው ውርጭ በሚመጣበት ወቅት ስለሆነ አበባው ሊቃጠል ይችላል።

ከ1,600 በታች፣ ቆቦና ባቲ አካባቢ፣ ብላክቤሪ አልመክርም። ማንጎና ፓፓያ የሚሆንበትን መሬት በግድ የደጋ ፍሬ አምጣ ማለት ነው። መርሳ ላይ ያለ ሰው ከቤቱ ጥላ ሥር አንድ ችግኝ ለጨዋታ ሊሞክር ይችላል።

5. ችግኝ ማግኘት

ዘር አትግዙ። ኢንተርኔት ላይ «እሾህ የሌለው ብላክቤሪ ዘር» እየተባለ ይሸጣል። ከዘር የሚበቅል ብላክቤሪ እናቱን አይመስልም፣ እሾህም ሊያወጣ ይችላል፣ እሱም ከበቀለ ነው። የሚገዛው የዝርያው ስም የተጻፈበት ችግኝ ነው። ሻጩ «እሾህ የለውም» ብቻ ካለና ስሙን ካላወቀ፣ በመጀመሪያው ዓመት ይሁን በሁለተኛው የሚያፈራ ማወቅ አትችሉም። መግረዙም ጊዜውም የሚወሰነው በዚህ ነው፣ ስለዚህ ስም የሌለው ችግኝ በርካሽም ቢሆን ውድ ነው።

እሾህ አልባነቱን ለማረጋገጥ ቅጠሉን ገልብጡት። በቅጠሉ ጀርባ መሀል ላይ ያለውን ወፍራም ጅማት በአውራ ጣታችሁ ከጫፍ ወደ አንገቱ አሻሹት። እሾሃም ከሆነ ትንንሽ ጥምዝ እሾሆች እዚያ ይይዟችኋል። ግንዱ ለስላሳ መስሎ የሚያታልል ችግኝ እዚህ ጋ ይጋለጣል።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ «ሻንጣ ውስጥ ቁራጭ ይዘሽልኝ ነይ» እንዳትሉ። ተክል ለማስገባት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ከላኪው አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ነገሩ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ብላክቤሪ ውጫዊ ምልክት ሳያሳይ ቫይረስ ይሸከማል፣ የእኛ የዱር እንጆሪ ደግሞ ዘመዱ ነውና ይጋባበታል። በሕጋዊ መንገድ የገባ፣ በቲሹ ካልቸር (ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ) የተባዛ ችግኝ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

6. ቦታና አፈር

በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉ። ኮምቦልቻ አካባቢ የከሰዓቱን ፀሐይ ትንሽ የሚከልል ቢሆን ይመረጣል። ከዱር እንጆሪ አጥር ራቅ ያለ ይሁን፣ በሽታ ይቀባበላሉና። ጎረቤት ጫት ላይ መድኃኒት የሚረጭ ከሆነም ከዚያ ወገን አትትከሉ። የምትለቅሙት ፍሬ ሳይላጥ የሚበላ ነው።

አፈሩ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚያስፈራኝ። አንዱ ውሃ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ አቁሮ ይይዛል፣ የብላክቤሪ ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። መረሬ ካላችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አትትከሉ፣ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ አንድ ሜትር ወርድ ያለው መደብ ሥሩ፣ ግራና ቀኙን ቦይ አውጡለት። ቀይ አፈር ተዳፋት ላይ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም።

ሁለተኛው አመድ ነው። ብላክቤሪ ትንሽ አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5። ከምድጃ የወጣ አመድ ጓሮ ላይ መበተን የለመድነው ነገር ነው፣ ለጎመን ላይከፋ ይችላል፣ አፈሩን ግን አሲዳማነቱን ያጠፋዋል። እዚህ መደብ ላይ አመድ አይድረስ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ተክሉ ብረት ማግኘት እንዳቃተው ያሳያል፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩትም አመዱን ነው።

7. አተካከል

ውሃ የማታጡ ከሆነ ከከባዱ ዝናብ በኋላ፣ መስከረም ላይ ትከሉ። በዝናብ ብቻ የምትተማመኑ ሰኔ መጨረሻ ላይ። በልግ የሚያስተማምንበት አካባቢ የካቲትም ይሆናል፣ በልግ ሲዘገይ ግን ጀሪካን መሸከም ይመጣል።

ከመትከላችሁ በፊት በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት መደቡ ውስጥ አዋህዱ። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል። ፍሪደምና ዋሺታ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ በመካከላቸው 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃቸዋል። ናቼዝ 1 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። ረድፍ ከረድፍ 2 ሜትር ተኩል ተዉ፣ ካልሆነ በሁለተኛው ዓመት መሀሉ አያስገባችሁም። ችግኙን ፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ትከሉ፣ ዙሪያውን ጠቅጠቅ አድርጉ፣ ወዲያው አጠጡ። ከዚያ የጤፍ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አያስነኩ። ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ስለሚያንቅ መኮትኮቻውን ከሥሩ ያርቅላችኋል።

8. ድጋፍ

«ቀጥ ብሎ ይቆማል» የሚባለውም ፍሬ ሲይዝ ይወድቃል። በየአራት ሜትሩ የባሕር ዛፍ ቋሚ ትከሉ፣ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትርና 1 ሜትር ከ20 ላይ ሁለት ሽቦ ወጥሩ። ምስጥ ባለበት የቋሚውን ጫፍ እሳት ላይ ጥቁር እስኪሆን ለብልቡት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ፍሬ የሚለቀምበት መደብ ውስጥ ግን እኔ አልቀባም።

9. መግረዝና ጊዜ ማስላት

ምርቱ የሚወሰነው እዚህ ነው። ግባችን ፍሬው ክረምት ላይ እንዳይደርስ ነው። ሐምሌ ላይ የበሰለ ብላክቤሪ ውሃ ውሃ ይላል፣ ግራጫ ሻጋታ ይይዘዋል፣ አንድ ሌሊት አያድርም።

ለፍሪደምና ለትራቭለር ነገሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት እንደፈለጉ ይደጉ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጀመሪያ ላይ ዘንጉን በሙሉ ከመሬት እኩል ቁረጡ። አዎ፣ በሙሉ። ሰው እዚህ ጋ ይፈራል። አብሽሩ፣ ሥሩ አለ። ውሃ ስታጠጡት አዲስ ዘንግ ያወጣል፣ የክረምቱን ዝናብ ለዕድገት ይጠቀምበታል። አንዱ ዘንግ አንድ ሜትር ሲደርስ፣ ሐምሌ አካባቢ፣ ለጋ ጫፉን በጥፍራችሁ ቀንጥሱት። ሁለት ጣት ያህል በቂ ነው። ካልተቀነጠሰ አንድ ዘንግ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ያፈራል። ከተቀነጠሰ የጎን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እያንዳንዱም ጫፉ ላይ ያብባል። አበባው መስከረም ላይ ይመጣል፣ ፍሬው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ደረቅ ወቅት፣ ቀዝቃዛ ሌሊት፣ ፀሐያማ ቀን። ከዚህ የተሻለ የለም።

ውርጭ የሚፈራ ቦታ ያላችሁ ቆረጣውን ወደ ሚያዝያ መጀመሪያ አምጡት፣ መጀመሪያ የሚደርሰውን እንኳ ውርጭ ሳይቀድማችሁ ታነሳላችሁ። ከተለቀመ በኋላ ያፈራውን ጫፍ ብቻ ቆርጣችሁ ዘንጉን ብትተዉት የታችኛው ክፍሉ በሁለተኛው ዓመት ሊያፈራ ይችላል። ሁለት ጊዜ መብላት ያጓጓል፣ ግን አዲሱ ዘንግ ከአሮጌው ጋር ይታገላል፣ መግረዙም ይወሳሰባል። እጃችሁ እስኪላመድ አንዱን ምርት ብቻ ያዙ።

ናቼዝና ዋሺታ ላይ ሥራው ይበዛል። የዓመቱን አዲስ ዘንግ አንድ ሜትር ከ10 ላይ ቀንጥሱ፣ የጎን ቅርንጫፎቹን በ40 ሳንቲ ሜትር አሳጥሩ፣ ለአንድ ተክል አምስት ወይም ስድስት ጠንካራ ዘንግ ብቻ አስቀሩ። አሁን ብርዱ ስለማይበቃቸው እረፍቱን እኛ ማስገደድ አለብን። ሜክሲኮ ደጋ ላይ፣ ሚቾአካን በምትባለው ክልል፣ ቱፒ የሚባለውን እሾሃም ዝርያ ለዓለም ገበያ የሚያመርቱት ቅጠሉን በኬሚካል እያራገፉ ነው። ጓሮ ላይ በእጅ ይሆናል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ውሃ ቀንሱ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቅጠሉን በሙሉ አንሱ። እንደ ጌሾ መሸምጠጥ ፈጣን ነው፣ ግን በቅጠሉ አንገት ሥር ያለችውን ዓይን ይዞ ይመጣል። ፍሬ የምትሰጠው ደግሞ እሷ ናት። ስለዚህ በመቀስ ቅጠሉን ብቻ ቁረጡ፣ አንገቱን ተዉት፣ በራሱ ይረግፋል። ሁለት ሦስት ሳምንት በደረቁ ይቆይ። ከዚያ ጥር መጀመሪያ ላይ ጠግቦ እስኪያዛጋ አጠጡት። ዓይኖቹ ሲያብጡ ታያላችሁ። ነገሩ ከተሳካ ፍሬው ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ ይደርሳል።

ያፈራ ዘንግ ከዚያ በኋላ ይደርቃል። ከመሬት እኩል ቆርጣችሁ ከጓሮ አውጡት፣ በሽታ የሚያድረው እሱ ላይ ነው።

10. ውሃ፣ ማዳበሪያ፣ ወፍ

ዝናብ በሌለበት ለአንድ ተክል በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር። ፍሬ ሲይዝ ሁለት። ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ። ማዳበሪያ በዓመት አንዴ ፍግ፣ አዲስ ዘንግ ሲወጣ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ። ከዚህ በላይ ዩሪያ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበዛም።

አበባው ራሱን ያራባል፣ ሌላ ዝርያ አጠገቡ መኖር የለበትም። ንብ ሲበዛ ግን ፍሬው ሙሉና ያልተጣመመ ይሆናል፣ ቀፎ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ታድላችኋል።

ዋናው ጠላት ወፍ ነው። መረብ አልብሱ። የወባ አጎበር ግን አይሆንም፣ ፀረ ተባይ የተነከረ ነው፣ ንቡንም ይገድላል፣ ፍሬውንም ይበክላል።

11. መቼ ይለቀማል?

ጥቁር ስለሆነ በስሏል ማለት አይደለም። ብላክቤሪ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብትለቅሙት ያኮማትራችኋል፣ በተለይ ናቼዝ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጠብቁ። ብርቅርቅታው ይጠፋል፣ ደብዘዝ ይላል፣ እንክብሎቹ ያብጣሉ። በጣት ስትነኩት ሳትጎትቱት እጃችሁ ላይ ይወድቃል። መሀሉ ላይ ያለው ነጭ እምብርት ከፍሬው ጋር አብሮ ይመጣል፣ ይበላል። የሚታገላችሁን ፍሬ ተዉት፣ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም።

ጠዋት፣ ጤዛው ሲደርቅ ልቀሙ። ጥልቀት በሌለው ሳህን ላይ አድርጉት፣ ሲደራረብ የታችኛው ይፈርጣል። እስክትበሉት አትጠቡት። ማቀዝቀዣ ውስጥ የፍሪደም ፍሬ ሁለት ሦስት ቀን፣ ዋሺታና ትራቭለር ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የተረፈውን ማርማላታ አድርጉት። ብርዝ ውስጥ ጨምቆ መጠጣትም አለ፣ ሞክሩት።

12. ለጎረቤት ማካፈል

ማባዛቱ ቀላል ነው። ነሐሴ ላይ የረዘመና ያልተቀነጠሰ ዘንግ ምረጡ። ጫፉን ወደ መሬት ጎንበስ አድርጋችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት፣ እንዳይነቀል ድንጋይ ጫኑበት። አፈሩ አይድረቅ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ከታገላችሁ ሥር ይዟል። ከእናቱ በኩል ያለውን ዘንግ አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ አዲሱን ችግኝ ከነአፈሩ አንሱት። አዳዲሶቹ ዝርያዎች ውጭ አገር የባለቤትነት መብት የተመዘገበላቸው ስለሆኑ ለሽያጭ ማባዛት የምታስቡ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። ለምትሰጡትም ሰው የዝርያውን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት፣ ግንቦት ላይ ይቁረጠው ወይስ ታኅሣሥ ላይ ያራግፈው የሚያውቀው በሱ ነው።